ካርዱን ይቀበላሉ?

ጅቡቲ ከተማ፣ ካርቲየ 4 ውስጥ የጎረቤትህን ሳል ከራስህ ሳል ለይተህ ታውቀዋለህ። ግድግዳው ቆርቆሮና ጣውላ ነው። ሌሊት ማን እንዳሳለ፣ ስንት ጊዜ እንዳሳለ፣ ስንት ሰዓት ላይ ተነሥቶ ውኃ እንደቀዳ ሰፈሩ በሙሉ ያውቃል። የማያውቀው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሱም ሐኪሙ።

ከቤቴ በስተግራ እንጀራ እየጋገሩ የሚያድሩ እናት አሉ። እኔ እትዬ እላቸዋለሁ፤ እሳቸው «አንተ ልጅ» ይሉኛል፣ ሃምሳ ልደፍን ሁለት ዓመት ቢቀረኝም። ባላቸው ወደብ ላይ ይሠራሉ። እትዬ ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ተነሥተው ምጣድ ይጥዳሉ። ከሰል ሲወደድ ከወደብ የወጣ ጣውላ ያስፈልጣሉ፤ ጣውላው ቀለም የተቀባ ነው፣ ጢሱ ጉሮሮ ይዘጋል። ባለፈው ዓመት በሐምሌ ማሳል ጀመሩ። «ወበቁ ነው» አሉ። መስከረም አለፈ፣ ጥቅምት ገባ፣ አየሩም ቀለል አለ፤ ሳሉ ግን አልለቀቃቸውም። «እንግዲህ ነፋሱ ነዋ» አሉ። ኅዳር ላይ የሊጥ ባልዲ ከበራፍ እስከ ምጣድ ለማድረስ ሁለት ጊዜ ቆመው ሲያለከልኩ አየሁና ዝም ማለት አቃተኝ።

«እትዬ፣ ሐኪም አይተዎታል?»

«የሳንባ ሐኪም የሀብታም ነው፣ አንተ ልጅ። የኛን የመድን ካርድ ማን ይቀበላል?»

«ጠይቀው ያውቃሉ?»

ዝም አሉ። ያቺን ዝምታ አውቃታለሁ። አንተም ታውቃታለህ። ያልጠየቅነውን ነገር «የለም» ብለን ዘግተን የተቀመጥንባት ዝምታ ናት። ለሥራ አመልክተን ሳናውቅ «ለኛ አይሰጡንም» ያልንባት፣ ለትምህርት ተመዝግበን ሳናውቅ «ዕድሜያችን አልፏል» ያልንባት ያችው ናት።

አበው «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይላሉ። ተረቱን እወደዋለሁ፤ ግን ለካርቲየ 4 ሰው ግማሹን ብቻ ነው የነገረው። እኛ በሽታ አንደብቅም። ለጎረቤት እንነግራለን፣ ቡና ላይ እንነግራለን፣ በርጫ ላይ እንነግራለን፣ ከድሬዳዋ ለመጣ ሾፌር ነግረን ጦስኝ አምጣልን እንላለን። የምንደብቀው መፍትሔ ካለው ሰው ብቻ ነው። ሳላችንን ሃምሳ ሰው ሰምቶታል፤ ከሃምሳው አንዱም የማዳመጫ መሣሪያ በአንገቱ አላንጠለጠለም።

ስለዚህ ወዳጄ፣ ዛሬ የምጽፍልህ ስለ መጠየቅ ነው። ቀላል ይመስላል። ቀላልማ ቢሆን እትዬ አምስት ወር ባላሳሉ ነበር።

ከመልካሙ ወሬ ልጀምር። ጅቡቲ የሁሉንም ነዋሪ ጤና የሚሸፍን መድን በሕግ ያቆመችው እ.ኤ.አ. በየካቲት 2014 ነው። በፈረንሳይኛ አሱራንስ ማላዲ ዩኒቨርሴል ይሉታል። የሚያስተዳድረው በ2008 የተቋቋመው የማኅበራዊ ዋስትና ተቋም ነው፤ ሁላችንም ሴኤንኤስኤስ የምንለው። ደመወዝተኛ ከሆንክ በየወሩ ከደመወዝህ ላይ ይቆረጣል፣ አሠሪህም ይጨምርበታል። ለመክፈል አቅም ለሌለው ነዋሪ ደግሞ ፓስ የሚባል የመንግሥት ድጋፍ አለ። በ2017 መጀመሪያ የወጣው የስደተኞች ሕግም ለተመዘገበ ስደተኛ የሕክምናን በር ከፍቷል።

የደመወዝ ወረቀትህን ዛሬ ማታ አውጥተህ ተመልከት። ከሦስት ዓመት በፊት ለአንድ የወደብ ሠራተኛ ይህን ስለው «ኧረ እኔ የማየው የመጨረሻዋን መስመር ብቻ ነው» አለኝ፤ እጁ ላይ የምትደርሰውን ማለቱ ነው። ከመጨረሻዋ መስመር በላይ ያለው ተቀናሽ ግን ላብህ ነው። ከመስኮቱ ፊት ቆመህ ካርድህን ስትዘረጋ የምትጠይቀው ራስህ በአደራ ያስቀመጥከውን ነው። ዕቁብ ጥለህ ተራህ ሲደርስ ዳኛውን አንገትህን ደፍተህ ነው እንዴ የምትለምነው? ታዲያ እዚህ ስትደርስ ድምፅህ ለምን ይደክማል?

እትዬ ይህን ሲሰሙ ባላቸውን በዓይናቸው ገረፏቸው። «ስድስት ዓመት ሲቆርጡብህ ነው የኖሩት?» ባል አንገታቸውን ደፉ። ነገሩ ከዚያም ይብስ ነበር፤ ስድስት ዓመት ሙሉ ሚስታቸውን አላስመዘገቡም። ካርድ የነበራቸው እሳቸው ብቻ ነበሩ። ማንም አልከለከላቸው፤ ወረቀቱን አላስገቡም፣ በቃ። የጋብቻ ወረቀቱ አማርኛ ስለሆነ «ማን ያስተረጉመዋል» ብለው ሻንጣ ሥር አኖሩት። ያን ሳምንት አስተርጉመን አስገባነው። ስድስት ዓመት የተኛ ጉዳይ ለመንቀሳቀስ የጠየቀው ጥቂት ጠዋቶች ነበር። ይህን ስጽፍ እኔም እያፈርኩ ነው፤ የራሴን ልጅ ያስመዘገብኩት ከተወለደ በአራተኛ ዓመቱ ነው።

አሁን ወደ ስህተታችን ልምጣ፤ ብዙ ያስተማረን እሱ ነው። ካርዱ እንደወጣ እኔ ጀግና ሆንኩ። በርጫ ላይ አንድ ሰው «እገሌ ክሊኒክ ጥሩ የሳንባ ሐኪም ይመጣል» ብሎኝ ነበርና እትዬን ይዤ ሄድኩ። በሩ ላይ ለተቀመጠችው ልጅ «ካርድ ትቀበላላችሁ?» አልኳት። «አዎ» አለች። ከሦስት ሰዓት በላይ ተቀመጥን። እትዬ በጥላ ሥር ሆነው በዓይናቸው ሊጥ ሲያቦኩ ይታየኛል፤ የቀረው ሥራቸው ነው የሚያሳስባቸው። በመጨረሻ ገባን፣ ሐኪሙ አየ፣ ምርመራ አዘዘ፣ ወደ ገንዘብ ተቀባዩ ወረድን። ሙሉውን በጥሬ ገንዘብ ክፈሉ ተባልን።

«ካርድ እንቀበላለን አላላችሁም?»

«እንቀበላለን። ለጠቅላላ ሐኪም። የሳንባ ሐኪሙ በእንግድነት ነው የሚመጣው፤ ሂሳቡ የብቻው ነው። ደግሞ ሪፈር የላችሁም።»

ተናደድኩ፣ ጮህኩም። ሚኒባስ ውስጥ ሆኜ ሳስበው ግን ልጅቷ አልዋሸችም። የጠየቅኳት «ካርድ ትቀበላላችሁ?» ብዬ ነው፤ እውነቱን መለሰችልኝ። ጥያቄዬ ነበር ሰነፍ። ገበያ ስትገባ «በርበሬ አለ?» ብለህ ብቻ ትወጣለህ? የየት አገር ነው፣ ዛላ ነው ድቁስ፣ ኪሎው ስንት ነው ትላለህ። እዚያ ያለህን ብልጠት ክሊኒክ በር ላይ ለምን ትጥለዋለህ?

ከዚያን ቀን ወዲህ ጥያቄዬ ረዘመ። የሳንባ ሐኪሙ ራሱ ካርዱን ይቀበላል ወይ? ይቀበላል ካሉኝ፣ እሱ የሚያዘው ራጅና የትንፋሽ ምርመራስ በካርዱ ነው? ምን ወረቀት ይዤ ልምጣ? በየትኛው ቀን ይገኛል? እነዚህን በሩ ላይ ቆሜ፣ ከመቀመጤ በፊት እጠይቃለሁ። ልጅቷ ብታዛጋም እጠይቃለሁ። አንድ ቃል ልጨምርልህ፤ እዚህ አገር ከመድኑ ጋር ውል ያለውን ሐኪም «ኮንቫንሲዮኔ» ይሉታል። «ኮንቫንሲዮኔ ነው?» ስትል መስኮቱ ማዶ ያለው ሰው ቀና ብሎ ያይሃል። ቃሏ የምታንኳኳው ትክክለኛውን በር ነው።

ፈረንሳይኛ አልችልም አትበለኝ። እትዬም አይችሉም ነበር። ያጣነውን ሪፈር ፍለጋ ወደ ጤና ጣቢያ ስንሄድ መንገድ ላይ አንድ ዓረፍተ ነገር አጠናን፦ «ኤስክ ለ ፕኖሞሎግ ፕራን ላ ካርት?» የሳንባ ሐኪሙ ካርዱን ይቀበላል ወይ ማለት ነው። ሪያድ ገበያ አጠገብ ስንደርስ ሦስተኛ ጊዜ አሉት፤ አንድ ጋሪ ገፊ ቆሞ አያቸው። «ምን ያየኛል፤ ፕኖሞሎግ አላየም?» አሉና ሳቁ። ሲስቁ ደግሞ አሳላቸው። በአማርኛም በሶማልኛም መጠየቅ ትችላለህ፤ ብዙ ጊዜ የሚሰማህ አታጣም። አንዲት ዓረፍተ ነገር በቢሮው ቋንቋ ይዞ መግባት ግን ትከሻ ያቀናል። ዋናው ጥቅሟም ይኸው ነው።

እዚህ ላይ አንድ የቆየ ታሪክ ልንገርህ፤ ይሉኝታ ያለብህ ሰው ከሆንክ ለአንተ ነው። እ.ኤ.አ. በ1816 ፓሪስ ውስጥ ኔከር በሚባል ሆስፒታል ሬኔ ላኤኔክ የሚባል ሐኪም ነበር። በዚያን ዘመን ሐኪም የበሽተኛውን ሳንባና ልብ የሚያዳምጠው ጆሮውን ደረት ላይ ለጥፎ ነው። አንዲት ወጣት ሴት መጣች፤ ላኤኔክ አፈረ። ጆሮዬን ደረቷ ላይ እንዴት ላድርግ? ቢጨንቀው ወረቀት ጠቅልሎ እንደ ቀንድ አደረገና አንዱን ጫፍ ደረቷ ላይ፣ ሌላውን ጆሮው ላይ አስጠጋ። ድምፁ ከበፊቱ ጠርቶ ተሰማው። ዛሬ በየሐኪሙ አንገት ላይ የምታየው ማዳመጫ የተወለደው ከዚያች ሐፍረት ነው። ላኤኔክ ራሱ በ1826 በሳንባ ነቀርሳ ሞተ፤ የሰው ሳንባ ሲያዳምጥ የኖረ ሰው።

ይሉኝታን ንቀህ ጣለው አልልህም። ይሉኝታ የሌለው ሰው ጎረቤት አይሆንም። ግን የላኤኔክን ሐፍረት ከእኛ ሐፍረት ጋር አስተያየው። እሱ አፈረና መንገድ ፈለገ፤ እኛ አፍረን ቤታችን ገባን። ማፈር ከመጣብህ ይምጣ፤ ወረቀት ጠቅልልበት። ካፈርክ የምትለውን ጽፈህ ሂድ። ካፈርክ ሰው ይዘህ ሂድ። ካፈርክ ጠዋት ሰው ሳይበዛ ሂድ።

ስለ ጠዋት ካነሣን፣ ጅቡቲን የምታውቅ ሁሉ ይህን ታውቃለህ፤ ከቀትር በኋላ ከተማው የጫት ነው። ጫቱ ከኛ አገር ከኢትዮጵያ መጥቶ ሲራገፍ ጉዳይህም አብሮ ይራገፋል። ዓርብና ቅዳሜ ዕረፍት ነው። የጤና ጉዳይህን እሑድ ማለዳ ጀምረው፤ የሚቀርህ ነገር ቢኖር ሳምንቱ ሙሉ ከፊትህ ነው። ሐሙስ ረፋድ ላይ የጀመረ ሰው ወረቀቱን ይዞ ሁለት ሌሊት ያስላል።

እትዬ ግን ከመስኮቱና ከፈረንሳይኛው በላይ የሚፈሩት ሌላ ነገር ነበር። ሪፈር ሊጻፍ ነው ሲባል ክንዴን ያዙና «ሻኪብ እንዳይልኩኝ» አሉ። የዶክተር ሻኪብ ሆስፒታል የሳንባና የቲቢ ነው፤ የድሮ ሰው አሁንም በቀድሞ ስሙ ፖል ፎር ይለዋል። «እዚያ በር ላይ ያየኝ ሰው እንጀራዬን ይገዛል?» አሉ።

ይህን ጥያቄ አላናንቀውም። የእንጀራ ጋጋሪ ሀብቷ ስሟ ነው። ነገር ግን እውነቱን እናውራ። ቲቢ ከሆነ በመደበኛው ሕክምና ስድስት ወር መድኃኒት ይዋጣል፤ ሁለት ወር በአራት ዓይነት፣ አራት ወር በሁለት። መድኃኒቱ በአገሪቱ የቲቢ ፕሮግራም በኩል በነጻ ነው፤ ገንዘብ የለኝም ብሎ የሚቀር ሰው መኖር የለበትም። በትክክል ከተጀመረ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ወደ ሌላ የመተላለፍ ኃይሉ በጣም ይወርዳል። አክታን በጂን ኤክስፐርት መርምሮ ውጤቱን ለማወቅ መሣሪያው የሚፈጅበት ሁለት ሰዓት ያህል ነው፤ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2010 መጨረሻ ካጸደቀው ወዲህ የድሮው የሳምንታት ጥበቃ አጥሯል። ስም የሚያጠፋው ሳይታከሙ ሊጥ ላይ ማሳል ነው። ይህን ለእትዬ እንዲህ አድርጌ አልነገርኳቸውም፤ እንደዚያ ቢባሉ ምጣዱን ይወረውሩብኝ ነበር። «ሻኪብ ገብተው የወጡ ሰዎች እዚህ ሰፈር ስንት እንዳሉ ያውቃሉ? የወጡትን እንጂ የገቡትን ማንም አይቆጥርም» አልኳቸው።

ደግሞ የኛ አካባቢ ከዚህ በሽታ ጋር የቆየ ትውውቅ አለው። የቲቢ ባክቴሪያ ዘመድ የሆነና ካኔቲ የሚባል ዓይነት አለ፤ ስሙን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጨረሻ ከለየው ከጆርጅ ካኔቲ ነው። ሳይንቲስቶች የዚህን ዓይነት ናሙና በብዛት ያገኙት በአፍሪካ ቀንድ፣ በተለይም ጅቡቲ ውስጥ ነው። አንዳንዶች ያ ሁሉ የቲቢ ቤተሰብ የተነሣው ከዚህ አካባቢ ሳይሆን አይቀርም ይላሉ። እንግዲህ ከኛ በፊት እዚህ ነዋሪ የነበረ ባክቴሪያ ቢይዘን የኛ ጥፋት ነው? ለባክቴሪያው ማፈር አይገባንም፤ ባቡሩ ሳይመጣ እዚህ ነበር።

ጤና ጣቢያ ለመሄድ ስትነሣ ሳልህን አዘጋጅተህ ሂድ። ሳቅህ? የምሬን ነው። ሐኪም ፊት ስትቀመጥ የሚሰጥህ ደቂቃ ጥቂት ነው፤ አንተ ደግሞ በዚያች ደቂቃ «ያስለኛል» ብለህ ዝም ትላለህ። እኛ በአንዲት የልጅ ደብተር ላይ ለአሥር ቀን ጻፍን፣ የእትዬ የልጅ ልጅ ጸሐፊ ሆነች። ሌሊት ስንት ጊዜ እንዳሳሉ። ደረቅ ነው ወይስ አክታ አለው፣ አክታው ምን መልክ አለው፣ ደምስ አለበት? ላብ ያጠምቃቸዋል? ክብደታቸው ቀንሷል? ከምጣዱ ሲርቁ ይሻላቸዋል? ይቺን የመጨረሻዋን ልጅቷ ራሷ ናት የጨመረቻት፤ «አያቴ እሑድ ስለማትጋግር እሑድ ማታ ትተኛለች» ብላ ጻፈች። የ11 ዓመት ልጅ ናት። ከዚያ ሁሉ መስመር ሐኪሙ ጣቱን ያሳረፈው እሷ ላይ ነው።

ሳል ከሁለት ሳምንት ካለፈ ምርመራ ይገባዋል፤ ይህን በልብህ ያዘው። ደም ከመጣ፣ መናገር እስኪያቅትህ ካፈነህ፣ ከንፈር ከጠቆረ ደግሞ ደብተሩም ወረፋውም ይቅር፣ ቀጥታ ድንገተኛ ክፍል ነው። ከዚያ ወዲህ ላለው ግን ከታች መጀመር ይሻላል። ብዙ ሰው ጤና ጣቢያን ይንቃል፤ «እዚያ ምን አለ፣ ፓራሲታሞል ነው» ይላል። እኔም እንዲያ ስል ነበር። በመንግሥት መድን ወደ ስፔሻሊስት የሚያደርሰው መሰላል ግን እግሩ ያለው እዚያው ነው። ያለ ሪፈር ስፔሻሊስት በር ላይ ብትቆም ካርድህ ፕላስቲክ ብቻ ሆኖ ሊቀር ይችላል፤ እኛ ላይ የደረሰውን አይተሃል። ከጤና ጣቢያው ጠቅላላ ሐኪም እጅ የወጣች አንዲት ወረቀት ናት ያንን ካርድ ቁልፍ ያደረገችው።

የእትዬ አክታ ተመረመረ፣ ቲቢ የለም። ራጅ ተነሡ። ሐኪሙ ደብተሩን አነበበ፣ ደረታቸውን አዳመጠ፣ ሪፈሩን ጻፈ። ወረቀቱን ከመውሰዳቸው በፊት እትዬ ጉሮሯቸውን ጠረጉና አሉት፦ «ኤስክ ለ ፕኖሞሎግ ፕራን ላ ካርት?» ሐኪሙ ሳቀ። «ዊ፣ ማማ» አላቸው፤ የትኛው ሆስፒታል፣ በየትኛው ቀን፣ ምን ምን ይዘው እንደሚሄዱ በጀርባው ላይ ጻፈላቸው። ያልጠየቅነውን ሁሉ ነገረን። ሰው እንዲህ ነው፤ በትክክል የጠየቀውን ሰው ማገዝ ያስደስተዋል። ሁልጊዜ አይደለም፤ ብዙ ጊዜ ግን አዎ።

ይህን የምታነብ ሾፌር ከሆንክ፣ ዛሬ ጋላፊን አቋርጠህ መጥተህ ነገ የምትመለስ ከሆንክ፣ ነገሩ አንተንም ይመለከታል። ወሎ ወይም ጎጃም ያለች እናትህ የማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን አባል ናት? አገራችን በ2011 እ.ኤ.አ. በአማራ፣ በኦሮሚያ፣ በደቡብና በትግራይ በ13 ወረዳዎች የሞከረችው ነገር ዛሬ ብዙ ቦታ ደርሷል። መታወቂያው በየዓመቱ ይታደሳል፤ ያልታደሰ ደብተር ይዞ ሆስፒታል መሄድ ቲኬቱ ባለፈበት አውቶቡስ ላይ መሳፈር ነው። እዚያም መሰላሉ ያው ነው፤ ከጤና ጣቢያ ወደ ሆስፒታል፣ ከሆስፒታል ወደ ሪፈራል። «ቀጥታ አዲስ አበባ ውሰዳት» የሚልህ ዘመድ አይጠፋም፤ መውደዱ ነው፣ ግን ሂሳቡን የምትከፍለው አንተ ነህ።

የሳንባ ሐኪም በኛ አገር ለረጅም ጊዜ በጣት የሚቆጠር ነበር። በ2013 እ.ኤ.አ. ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ውስጥ፣ ከውጭ ሐኪሞች ጋር በመተባበር፣ የውስጥ ደዌ ስፔሻሊስቶችን በሳንባና በጽኑ ሕሙማን ሕክምና የሚያሠለጥን ፕሮግራም ተጀመረ። በየጊዜው ጥቂት ጥቂት ተመረቁ። ይህን ያነሣሁት ለምን መሰለህ? ያንን ፕሮግራም የጀመሩት ሰዎችም «የሳንባ ሐኪም የለንም» ከሚል ዓረፍተ ነገር ተነሥተው ነው። ልዩነታቸው እዚያ ላይ ነጥብ አለማድረጋቸው ነው፤ «እንዴት ይኑረን?» አሉ። እትዬም «ማን ይቀበለናል» ሲሉ ኖረው አንድ ቀን ያንኑ ቃል ጥያቄ አደረጉት። ቃሉ አልተለወጠም፤ ለሰሚው መቅረቡ ብቻ ነው የተለወጠው።

ካርድ የሌለህ፣ ወረቀትህ ያልተስተካከለ፣ ቀን ሠርተህ ቀን የምትበላ ወንድሜና እኅቴ፣ ከላይ ያለውን አንብበህ «ይሄ ለወረቀተኞች ነው» እንዳትል። የቲቢ ሕክምናው ነጻ ነው ብያለሁ፤ ሳልህ ከሁለት ሳምንት ካለፈ በቅድሚያ ሂድና አክታህን አስመርምር። ሌላውን ደግሞ አንድ በአንድ። ሠራተኛ ከሆንክ አሠሪህን ሴኤንኤስኤስ ላይ አስመዝግቦህ እንደሆነ ጠይቅ፤ በጨዋ ቃል፣ ግን ጠይቅ። ቤት ሠራተኛ የሆንሽ እኅቴም ብትሆኚ። «ከሥራ ያባርሩኛል» የሚለው ፍርሃት እውነት ሊኖረው ይችላል፤ ስለዚህ ጊዜውን መርጠሽ፣ ከአንቺ በፊት ጠይቃ የተሳካላትን አማክረሽ አድርጊው። ካርቲየ 4 ውስጥ እንዲህ ያለች ሴት አትጠፋም፤ ቡና ላይ ሳልሽን ከምትነግሪያት ይህን ጠይቂያት።

የሳንባ ሐኪሙ ቀጠሮ ጥር ላይ ደረሰ። እትዬ ነጠላቸውን አጥበው፣ ሪፈሩን፣ ካርዱን፣ የራጁን ፊልምና የልጅቷን ደብተር በአንድ ፌስታል ይዘው ከኔ ቀድመው መንገድ ላይ ቆሙ። ሐኪሟ ሴት ናት፣ ቀስ ብላ የምትናገር። ደብተሩን አገላበጠች፣ እሑድ የምትለዋን መስመር እሷም አገኘቻት። አስም ነው፣ ጢሱም አባብሶታል አለች። የሚነፋ መድኃኒት አዘዘች፣ አጠቃቀሙን በራሷ እጅ አሳየች። ምጣዱ ከቤት ውስጥ ወጥቶ ነፋስ ወደሚያገኘው በራፍ እንዲሄድ፣ ቀለም የተቀባውን ጣውላ ጨርሶ እንዳይነካ አዘዘች። ለባልየው ነው ያለችው፤ እትዬን አውቃቸዋለች ማለት ነው። በመስኮቱ በኩል ካርዱ ገባ፣ ወረቀት ወጣ፤ ያን ጊዜ የተሰማኝን ነገር ዕቁብ የደረሰው ሰው ነው የሚያውቀው።

ከስድስት ሳምንት በኋላ ለክትትል ተመለስን። ምጣዱ በራፍ ላይ ነው፤ ባል ከወደቡ ቆርቆሮ አምጥተው ጥላ ሠርተውለታል፣ ትንሽ ወደ አንድ ጎን ዘሟል። የትንፋሽ መለኪያው ክፍል ውስጥ አንድ ወጣት ቱቦውን ለእትዬ ሰጣቸው። በደንብ ሳቡ፣ ከዚያ ባለ በሌለ ኃይል ንፉ አለ። እትዬ አፈሩና እፍ አሉ፣ ሻማ እንደሚያጠፋ ሰው። ወጣቱ ራሱን ነቀነቀና በጩኸት «ሱፍሌ! ሱፍሌ! ሱፍሌ!» ይል ጀመር፣ እጁን እያርገበገበ፤ የኳስ አሠልጣኝ ይመስላል። እትዬ ዓይናቸውን ጨፍነው የከሰል እሳት እንደሚያነድዱ አድርገው ነፉት፣ ፊታቸው እስኪቀላ። ወጣቱ ኮምፒዩተሩ ላይ የታየውን መስመር ካለፈው ጋር አስተያየና አውራ ጣቱን አነሣላቸው።

እትዬ ቱቦውን አልመለሱለትም።

«አንተ ልጅ፣ በለው እስቲ» አሉኝ። «ደግሜ ልንፋ?»